12ቱ የኦንታርዮ ሴፍቲ ማህበራት 4 ከሆኑ በኋላ ለኛ ለትንንሽ ቤቶች ምን ጠቀሙ? (ከ5 ኮከብ 3 ተኩል)

ቶሮንቶና አካባቢዋ ላይ ምግብ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ የጽዳት ሥራ ወይ ትራክ ላላችሁ ሰዎች ነው ይሄንን የምጽፈው። ሪቪው የማደርገው ምግብ ወይም ዕቃ አይደለም፣ ለሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ብለን ለደብሊውኤስአይቢ ከምንከፍለው ፕሪሚየም ላይ እየተቆረጠ የሚሠራውን የኦንታርዮ የሥራ ቦታ ደህንነት ማህበራት አገልግሎት ነው። አዎ፣ ከኛ ኪስ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ሰው ይሄንን ስነግረው ይደነግጣል፣ ከፍለንበታል እኮ ግን ደውሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? እኔ ምግብ ቤት ስላለኝ በደንብ የማውቀው የኛን ዘርፍ የያዘውን ደብሊውኤስፒኤስ የሚባለውን ነው፣ ስለሌሎቹ የምለው ደግሞ ትራክ ከሚነዱና ነርሲንግ ሆም ከሚሠሩ ዘመዶቼ የሰማሁትንና ራሴ ያነበብኩትን ነው። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፣ አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ማህበራቱን አዋህዶ ቁጥራቸውን መቀነሱም ትክክል ነበር፣ ለትንሽ ቤት ግን የሚደወልበትን ቦታ አንድ አደረገለት እንጂ መኖሩን የነገረው የለም። ኮከቡን የቀነስኩት በዚህ ነው።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ካልገባችሁ የምትከፍሉት ብር የት እንደሚሄድ አይገባችሁም (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኦንታርዮ ውስጥ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪውን ፍርድ ቤት የማይከሰው፣ በምትኩ ካሳውን አሠሪዎች በጋራ ከሚያዋጡት ፈንድ የሚያገኘው ዊሊያም ሜረዲዝ የሚባል ዳኛ ባቀረበው ሐሳብ በ1914 በወጣው ህግ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1915 ነው። አሠሪዎቹ ደግሞ ወዲያው ገባቸው፣ አደጋ በበዛ ቁጥር መዋጮው ይጨምራል፣ ስለዚህ አደጋን አስቀድሞ መከላከል ያዋጣል ብለው ማህበር ማቋቋም ጀመሩ፣ የፋብሪካዎቹ ማህበር አይኤፒኤ በ1917 ነው የተቋቋመው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን እያቋቋመ እያቋቋመ ሄዶ 2000ዎቹ ላይ 14 ደርሰው ነበር።

14ቱን ስሟቸው እንግዲህ። የፋብሪካው ለብቻ፣ የሆቴልና የሱቅና የምግብ ቤቱ ለብቻ፣ የእርሻው ለብቻ፣ የኮንስትራክሽኑ፣ የመብራትና ዩቲሊቲው፣ የትራንስፖርቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የሆስፒታልና የጤናው፣ የማዕድኑ፣ የደን ሥራው፣ የወረቀት ፋብሪካው፣ በዚህ ላይ የሠራተኞች ማሰልጠኛ ማዕከልና የሙያ በሽታ ክሊኒኮች። ሁሉም የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ ቢሮ፣ የራሱ የኮርስ ደብተር ነበረው። አስቡት፣ አንድ ካምፓኒ ምግብ የሚያሽግበት ፋብሪካም፣ የሚሸጥበት ሱቅም፣ አትክልት የሚያመርትበት እርሻም ካለው ሦስት ማህበር ጋር ነው የሚነጋገረው፣ ሦስቱም ስለ ከባድ ዕቃ አነሳስ የየራሳቸውን በራሪ ወረቀት ይሰጡታል። ወገብ ያው ወገብ ነው እኮ! እርሻ ላይ ያለውም ሱቅ ውስጥ ያለውም የሚያመው አንድ ቦታ ነው።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ከነዚህ 12ቱ ወደ 4 ተዋሃዱ። ፋብሪካው፣ አገልግሎቱና እርሻው አንድ ላይ ደብሊውኤስፒኤስ ሆኑ፣ ኮንስትራክሽኑ፣ መብራቱና ትራንስፖርቱ አይኤችኤስኤ ሆኑ፣ ትምህርት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤትና ጤና ፒኤስኤችኤስኤ ሆኑ፣ ማዕድን፣ ደንና ወረቀት ደግሞ ዎርክፕሌስ ሴፍቲ ኖርዝ ተብለው ኖርዝ ቤይ ተቀመጡ። የሠራተኞቹ ማሰልጠኛና ክሊኒኮቹ ሳይዋሃዱ ለብቻቸው ቀሩ፣ ይሄ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። እንግዲህ የኛው ማህበር ደብሊውኤስፒኤስ ብቻውን ከ160 ሺህ በላይ ድርጅት ነው የሚያገለግለው፣ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ፣ ሞል፣ የወይን እርሻ፣ ዳንፎርዝ ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው።

ውህደቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ማህበራቱ ተዋህደው ሥራ ከመጀመራቸው ከሳምንት በፊት ዲሴምበር 24 ቀን 2009፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ኪፕሊንግ አቬኑ ላይ የአፓርትመንት በረንዳ ሲጠግኑ የዋሉ ሠራተኞች ከ13ኛ ፎቅ አካባቢ ወደቁ። ስዊንግ ስቴጅ የሚሉት ተንጠልጣይ መቆሚያ ነው ለሁለት የተገመሰው። የደህንነት ገመድ ላይ በትክክል የታሰረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱ ተረፈ፣ አምስት ወደቁ፣ አራቱ ሞቱ። ሁሉም እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ካምፓኒው መጀመሪያ 200 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ አቃቤ ህግ ይግባኝ ብሎ በ2013 ወደ 750 ሺህ ከፍ አለ፣ ፕሮጀክት ማናጀሩም በ2016 የሦስት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደበት። አሁን ጥያቄው እነዚያ ሰዎች ጋ ማህበሩ አንድ ሆነ ሦስት ሆነ ምን ለውጥ ያመጣላቸው ነበር የሚለው ነው። የኮንስትራክሽን ሴፍቲ ማህበር እኮ ያኔም ነበር፣ ጥሩ ኮርስም ነበረው፣ ግን ለገና ጊዜ ተጣድፎ የሚሠራ ትንሽ ኮንትራክተርና ቋንቋው ገና ያልገባው ሠራተኛ ጋ አልደረሰም።

መንግሥትም ይሄ ገብቶት ነው መሰለኝ ቶኒ ዲን የሚባል የቀድሞ የመንግሥት ከፍተኛ ሠራተኛ የሚመራው ፓነል አቋቁሞ በ2010 መጨረሻ 46 ምክረ ሐሳብ የያዘ ሪፖርት ወጣ። ከዚያ በ2011 ህጉ ተሻሽሎ አደጋ የመከላከሉ ሥራ ከኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ሄደ፣ ቺፍ ፕሪቬንሽን ኦፊሰር የሚባል ኃላፊም ተሾመ፣ ማህበራቱም አሁን የሚጠየቁት ለሱ ነው። ብሩ ግን አሁንም ከፕሪሚየማችን ነው የሚመጣው። በጁላይ 2014 ለሁሉም ሠራተኛና ሱፐርቫይዘር መሠረታዊ የሴፍቲ ግንዛቤ ስልጠና ግዴታ ሆነ፣ በአፕሪል 2015 ደግሞ ኮንስትራክሽን ላይ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው የተፈቀደ ስልጠና ግዴታ ሆነ። እኔን ብትጠይቁኝ ከውህደቱ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ትንሹን ቤት የነኩት፣ ምክንያቱም ውህደት የቢሮ ጉዳይ ነው፣ ግዴታ ግን ኪችንህ ድረስ ይመጣል።

እሺ አሁን ወደ ተግባሩ። የእናንተ ማህበር የቱ ነው? እኛ ቤት ብቻ ብታዩ አስቂኝ ነው፣ እኔ በምግብ ቤቱ የደብሊውኤስፒኤስ ነኝ፣ ወንድሜ ሎንግ ሆል ትራክ ስላለው የአይኤችኤስኤ ነው፣ እህቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ፒኤስደብሊው (የታካሚ ረዳት) ናት፣ መሥሪያ ቤቷ የፒኤስኤችኤስኤ ነው። ቤት ዕድሳት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ከወንድሜ ጋር አንድ ማህበር ውስጥ ነው፣ አንዱ ጣሪያ ላይ አንዱ ሃይዌይ ላይ። ውህደቱ የተሠራው በዘርፍ ነው፣ እንደ ትልቅ ካምፓኒ ካሰባችሁት ያስኬዳል፣ የሐበሻ ቢዝነስ ግን ብዙ ጊዜ በዘርፍ አይኖርም፣ ምግብ ቤት ያለው ሰው ጎን ለጎን ኬተሪንግ አለው፣ ኬተሪንጉን የሚያደርሰው ቫን አለው፣ በጋ ላይ ፌስቲቫል ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ቤዝመንቱን ደግሞ ራሱ ነው የሚያድሰው። ለዚህ ሰው በዘርፍ ከተከፈሉ ይልቅ ከ20 ሠራተኛ በታች ላለው ሁሉ አንድ ማህበር ቢኖር ይሻለው ነበር ባይ ነኝ። ደብሊውኤስፒኤስ ለትንንሽ ቢዝነስ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ክፍል አለው፣ እሱን ተጠቀሙ፣ ዋናው ድረገጽ ላይ ከገባችሁ ስለ ፋብሪካ ማሽን ስታነቡ ትውላላችሁ።

አገልግሎቱን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። በነፃ የሚወርድ ወረቀትና ቼክሊስት እንዲሁም ዌቢናር፣ እየተከፈለ የሚወሰድ ኮርስ፣ ከዚያ ደግሞ ቦታው ድረስ መጥቶ የሚያማክር ኮንሰልታንት። ወረቀቶቹ ጋ ብዙም አልቆይም፣ ናሙና ፖሊሲ አለ፣ የአደጋ መመዝገቢያ ፎርም አለ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ምን ምን እንደሚነገረው የተዘረዘረ አለ፣ አውርዳችሁ ስማችሁን አስገብታችሁ ፈርማችሁ መለጠፍ ነው። ኮርሱ ደግሞ ኮርስ ነው፣ ኦንላይንም በአካልም አለ፣ ዋጋው እንደ ኮርሱ ይለያያል።

እኔ ጋ የመጣችው ኮንሰልታንት ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እሷ ናት። እንጀራ ቤት አይታ አታውቅም፣ ግን ዓይኗ የሠለጠነ ነው። ገና እንደገባች ያየችው ምጣዱን አልነበረም፣ ከምጣዱ እስከ ማቀዝቀዣው ጠረጴዛ ያለውን መንገድ ነው፣ ጋጋሪዋ ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዛ ስትዞር ዕቃ አጣቢው ከጀርባዋ ያልፋል፣ ወለሉ ደግሞ እዚያው ጋ ነው የሚረጥበው። እኛ ሁሌ ቃጠሎ እንላለን እሷ ግን መጀመሪያ መፍራት ያለባችሁ መንሸራተትን ነው አለች፣ ቃጠሎውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ሲንሸራተት ነው። ጠረጴዛውን ወደ ሌላ ጎን አዞርነው፣ ብር አላወጣሁበትም። የጤፍ ጆንያው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ከባዱ ነገር ወገብ ትይዩ ይሁን አለች፣ እሺ። የሥጋ መፍጫው ላይ ሥጋውን በእጅ ሳይሆን በመግፊያው ብቻ፣ የሳምቡሳ መጥበሻው አጠገብ ውሃ እንዳይቀመጥ፣ ቢላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ፣ እነዚህን እናቶቻችንም ይነግሩን ነበር ግን ተጽፎ ሲለጠፍ ሌላ ነው።

ከዚያ ቡናው ጋ ደረስን። ስኒውና ረከቦቱ አስደሰታት፣ ዕጣኑንም ወደደችው፣ ከዚያ ከሰሉ የት ነው የሚቀጣጠለው ብላ ጠየቀች። ይሄ ላይ ነው ላቆማችሁ የምፈልገው፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት አይቻለሁ። ከሰል የታፈነ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስተኛል፣ ከበዛ ይገድላል፣ ክረምት ላይ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ከሰል ማያያዝ ማለት በገዛ እጅ ችግር መጥራት ነው። እኔ አሁን ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የማፈላው፣ ለዕጣኑም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ገዝቻለሁ፣ አንዳንድ ደንበኛ ጣዕሙ ተቀየረ ይላል፣ አልተቀየረም ግን ይበል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያውንም ሰቅያለሁ። ማንም ቼክሊስት ላይ የሐበሻ ቡና የሚል አታገኙም፣ ሰው መጥቶ ካላየው በቀር የሚታይ ነገር አይደለም፣ ለዚህ ነው ከወረቀቱ ይልቅ ሰው ይምጣላችሁ የምለው።

ኮንሰልታንቷ ስለ አዲስ ሠራተኛ ያለችው ነገርም ትክክል ነው፣ በኋላ ሳነብም አገኘሁት፣ ቶሮንቶ ያለው የሥራና ጤና ጥናት ተቋም እንዳገኘው ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያ ወር ያለ ሰው ከዓመት በላይ ከሠራው ሰው ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ይደርስበታል። የኛ ቤቶች ደግሞ አዲስ ሰው ሲመጣ ዓርብ ማታ ነው የምንጀምረው፣ ሰው ሲበዛ፣ ምክንያቱም ያኔ ነው የሚያስፈልገን። እኔ አሁን ማክሰኞ ነው የማስጀምረው። ኪችን ውስጥ ላሉት እናቶች ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይመቻቸው ዋና ዋናውን በአማርኛ በእጄ ጽፌ ከማጠቢያው በላይ ለጥፌላቸዋለሁ፣ ትግርኛ ለምትናገረዋ ደግሞ ልጇ ተረጎመላት። ማህበራቱ የኮሚዩኒቲ ሬዲዮዎቻችን ላይና ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አካባቢ ቢመጡ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ በትግርኛ በኦሮምኛ ቢያወጡ፣ ያንን ያህል ብር አይፈጅም። ሦስቱን ማህበር አንድ ማድረግ ብር ይቆጥባል ተብሎ ነበር አይደል፣ የተቆጠበው እዚህ ላይ ቢውል ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ትልቅ ፍርሃት ደግሞ ላጥራላችሁ፣ ደብሊውኤስፒኤስ ብጠራ ኢንስፔክተር መጥቶ ይቀጣኛል የሚል ብዙ ሰው አለ። አይደለም! ኢንስፔክተሩ የሚኒስቴሩ ነው፣ ትዕዛዝ የሚሰጠውም ሥራ የሚያስቆመውም እሱ ነው። የማህበሩ ሰው አማካሪ ነው፣ የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ቅጣቱ ግን ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ካምፓኒ ጥፋተኛ ከተባለ ከፍተኛው ጣሪያ በ2017 ከ500 ሺህ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፣ በ2023 ደግሞ 2 ሚሊዮን ሆነ። ጣሪያው ነው እንጂ ትንሽ ቤት ላይ ያ ይመጣል ማለት አይደለም፣ ግን ኢንስፔክተር ሳይመጣ አማካሪ መምጣቱ ይሻላል።

ይሄንን ፍርሃት የሚነግዱበት ደግሞ አሉ። አንድ ጓደኛዬ ምግብ ቤት በከፈተች ሰሞን ከአንድ የግል ካምፓኒ ነን ብለው ደወሉላት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር የለሽም፣ ከኛ ካልገዛሽ ኢንስፔክተር ይመጣል ብለው አስደንግጠው ብዙ ብር አስከፈሏት። ያ ፖስተር ከሚኒስቴሩ በነፃ ነው የሚወርደው። የህጉም ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። መሠረታዊው የሠራተኛ ግንዛቤ ስልጠናም ሚኒስቴሩ ድረገጽ ላይ በነፃ አለ፣ ሠራተኛው ሲጨርስ ሰርተፊኬቱን አትማችሁ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ስልክ ደውሎ የሚያስፈራራችሁን ሰው ከማመን በፊት ማህበሩ ጋ ደውላችሁ ግዴታዬ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ግዴታው በሠራተኛ ቁጥር ነው የሚሄደው። 5 እና ከዚያ በታች ከሆናችሁ የተጻፈ የሴፍቲ ፖሊሲ ባይኖራችሁም ህጉ ግን ይመለከታችኋል፣ ከ6 እስከ 19 ከሆናችሁ ፖሊሲው ተጽፎ በየዓመቱ መታየት አለበት፣ ሠራተኞቹም ራሳቸው አንድ ተወካይ ይመርጣሉ፣ ራሳቸው ነው ያልኩት፣ ባለቤቱ የአጎቱን ልጅ መሾም አይችልም። 20 ሲደርስ የጋራ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቢያንስ ከሠራተኛ አንድ ከማኔጅመንት አንድ ሰርተፋይድ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ ነው ኮርሱ ብር የሚያስወጣው፣ ሁለት ክፍል ያለው ስልጠና ነው፣ ሁለተኛው ክፍል በየሥራው አደጋ ዓይነት ነው። የአዳራሽ ሥራና ኬተሪንግ ያላችሁ ሰዎች፣ 20 ትደርሳላችሁ ሳታውቁት፣ ፓርት ታይም የሚሠሩትም ይቆጠራሉ።

አሁን ደግሞ ማንም ሪቪው ላይ የማይጽፈውን ልጻፍ። እኛ ዘንድ ሠራተኛ ሲጎዳ ባለቤቱ ሪፖርት አታድርግ እኔ አሳክምሃለሁ ይለዋል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ትንሽ ብር ይሰጠዋል፣ በቃ አለቀ። ሰውየው ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ፕሪሚየሜ ይጨምራል ብሎ ይፈራል፣ ልጁም ውለታ አለብኝ ብሎ ዝም ይላል። ግን ከፈርስት ኤይድ ያለፈ ህክምና ካስፈለገው አሠሪው ባወቀ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለደብሊውኤስአይቢ ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ሠራተኛን ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) እንዳያስገባ መከልከልም ሆነ ማባበል በህግ የተከለከለ ነው። ደግሞም ለማን ነው የምትከፍሉት? ኢንሹራንሱ ሥራ ላልሠራበት ጊዜ ከተጣራ ደመወዙ 85 በመቶ ይከፍለዋል፣ ህክምናውንም ይሸፍናል፣ እናንተም አትከሰሱም። ከ1915 ጀምሮ ስምምነቱ ይሄ ነው። ወገቡ ከዓመት በኋላ ቢብስበት በሽምግልና የተሰጠው ብር የት ይደርሳል?

ባለቤቶች ደግሞ ይሄን ስሙ፣ ራሳችሁ ኪችን ገብታችሁ ብትቃጠሉ ኢንሹራንሱ እናንተን አይሸፍንም፣ የባለቤት አማራጭ ኢንሹራንስ ብላችሁ ለብቻ ካልገዛችሁ በቀር። ኮንስትራክሽን ላይ ያላችሁ ግን ከ2013 ጀምሮ አብዛኛው ባለቤትም ግዴታ ነው። እኔ ገዝቻለሁ፣ ውድ አይደለም አልልም ግን ምግብ ቤቱ ያለኔ እንጀራ አይጋግርም።

ሳይዋሃዱ ስለቀሩት ሁለቱ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ኦሃካው የሚሉት የሠራተኞች የሙያ ጤና ክሊኒክ ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ ኤርጎኖሚስት (የሥራ አቀማመጥና እንቅስቃሴ ባለሙያ) አለው፣ ለሠራተኛ በነፃ ነው፣ ህመሜ ከሥራዬ የመጣ ነው ወይ የሚለውን ያዩላችኋል። እህቴ ትከሻዋን ሲያማት ነው የሄደችው፣ ታካሚ ከአልጋ ስታነሳ የምታደርገውን እንቅስቃሴ አሳይታቸው ነው የገባቸው። ይሄ ክሊኒክና የሠራተኞቹ ማሰልጠኛ ከአሠሪዎቹ ማህበራት ጋር አለመዋሃዳቸው በጣም ትክክል ነው፣ አሠሪ የሚያማክርና ሠራተኛ የሚያክም አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ሠራተኛው አያምንም። ሰሜን ያለውም ማህበር ቢሆን ሲዋሃድ የማዕድን ነፍስ አድን ቡድኑን በስሙ ነው ያቆየው፣ ያ ቡድን በ1928 ቲሚንስ ሆሊንጀር ማዕድን ውስጥ በተነሳ እሳት 39 ሰው ከሞተ በኋላ በ1929 የተቋቋመ ነው፣ ዛሬም ኦንታርዮ ማይን ረስኪው ነው የሚባለው። ይሄ ነው እኔ ደስ የሚለኝ ውህደት፣ ቢሮውንና ሂሳቡን አንድ አድርጎ ሙያውን ሳይነካ የሚተው። ለምግብ ቤትም እንደዚያ የምግብ ቤት ብቻ የሆነ ቡድን ቢኖር፣ ከእርሻና ከፋብሪካ ጋር ተደባልቆ ባይጠፋ፣ ግማሿን ኮከብ እጨምር ነበር።

የመጨረሻዋ ነገር ብር የሚመለስበት ናት። ደብሊውኤስአይቢ ሄልዝ ኤንድ ሴፍቲ ኤክሰለንስ የሚለው ፕሮግራም አለው፣ ርዕስ ትመርጣላችሁ፣ ለምሳሌ አደጋ መመርመር ወይም የፈርስት ኤይድ ዝግጅት፣ በማህበሩ እየታገዛችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ሲጸድቅ ሪቤት ይሰጣችኋል። ማህበራቱ ራሳቸው ናቸው ፕሮግራሙን ከሚያስኬዱት መካከል፣ ስለዚህ ስትደውሉ ስለሱም ጠይቁ። እኔ ገና መጀመሬ ነው፣ የመረጥኩት የአደጋ ምርመራውንና የአዲስ ሠራተኛ ስልጠናውን ነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ይበዛል፣ ማታ ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው የምሞላው። ሪቤቱ ሲገባ ስንት እንደሆነና ለለፋሁበት የሚያዋጣ መሆኑን እዚሁ እጨምርበታለሁ።